ዘጠና ሰባት ነጥብ

ለይኩን በድንበር ጠብ ጎረቤቱን በዱላ መትቶ አራት ዓመት ሲፈረድበት ሚስቱ ንግስት እርጉዝ ነበረች። ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ሞላት፤ እሱ ግን እስካሁን ያያት በሽቦ ማዶ ብቻ ነው።

ከጅማ ወጣ ብሎ ያለው ማረሚያ ቤት አዲስ አሠራር ያመጣው በዚህ መሀል ነው። ለታራሚው ሁሉ ካርድ ታደለ። ያጸዳ፣ ያልተጣላ፣ ሌላውን ያስተማረ ነጥብ ይያዝለታል። መቶ የሞላለት ከቤተሰቡ ጋር አንድ ሰዓት ያለ ሽቦ ይቀመጣል። ለይኩን ውጭ ሳለ መምህር ነበርና ያልተማሩትን ሰብስቦ ፊደል ያስቆጥር ጀመር። ዘጠና ሰባት ሲደርስ ለንግስት፣ "በሚመጣው እሁድ ልጃችንን አቅፋታለሁ" አላት።

በዚያው ሳምንት አባ ኡመይር የሚባሉ ሽማግሌ ሽንት አልወርድ ብሏቸው ሦስት ቀን ሙሉ ሲያቃስቱ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ጠፋ። ከለይኩን ተማሪዎች አንዱ፣ ቡና ለቃሚው ኑሪ፣ ስም የሌለው አቤቱታ ጽፎ ሐሳብ መስጫ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ። በዕድሜው የመጀመሪያው ደብዳቤ ነበር።

በማግስቱ የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ኢንስፔክተር ሣህሉ ለይኩንን አስጠራው።

"የማን ጽሑፍ እንደሆነ ታውቃለህ። ስሙን ንገረኝና አስር ነጥብ ያዝ። እሁድ ልጅህን ታቅፋለህ።"

የለይኩን ጆሮ ጋለ። "እንዲጽፍ ሳስተምረው ነጥብ ሰጣችሁኝ። ሲጽፍ ደግሞ አሳልፈህ ስጠው ትሉኛላችሁ? ሰውዬው እየሞቱ ነው'ኮ! በልጄ ነው የምትገዙኝ?"

"ስም ነው የጠየቅኩህ።"

"እኔ ነኝ የጻፍኩት!"

ካርዱ ዜሮ ሆነ። ኑሪ ይህን ሲሰማ እየሮጠ መጥቶ ለመነው። "መምህር፣ ማሎ፣ ወላሂ ሄጄ እኔ ነኝ እላቸዋለሁ!"

"አርፈህ ተቀመጥ!" ብሎ ጮኸበት። መቆጣት የነበረበት በኑሪ ላይ እንዳልሆነ ግን ያውቀው ነበር።

እሁድ ንግስት ልጅቷን አዲስ ቀሚስ አልብሳ ከጅማው ቦሳ ኪቶ ሰፈር መጣች። ዛሬም በሽቦ ማዶ መሆኑን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

"እኛን ረሳኸን?" አለችው። የሆነውን ሁሉ ነገራት። ከዚያ፣ "ሽማግሌውስ?" አለች።

"እንደተኙ ናቸው።"

ልጇን አዝላ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደች። "እኚህ ሰው እዚህ ቢሞቱ ስማችሁን በየቢሮው እየዞርኩ እናገራለሁ! ሰው እንጂ ካርድ አልታመመም!" እያለች ስትጮህ ጠያቂው ሁሉ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ከሰዓት በኋላ አምቡላንስ መጥቶ አባ ኡመይርን ወሰዳቸው፤ ተረፉም።

በሳምንቱ ኢንስፔክተሩ ታራሚውን ግቢው ውስጥ ሰበሰበና ሽማግሌው የዳኑት በአዲሱ አሠራር እንደሆነ ተናገረ። "አጨብጭቡ!" አለ።

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ለዚህም ከእያንዳንዱ ታራሚ አምስት አምስት ነጥብ ተቀነሰ።