ለሁለት ቀን ብቻ

ኔቪል ተንበርክኮ የልብስ ማድረቂያ ማሽኑን የጀርባ ክዳን ሲያነሳ፣ የታጨቀ የጨርቅ ብናኝ ጉልበቱ ላይ ረገፈ። ጆስሊን እርጥብ አንሶላዎች ታቅፋ አጠገቡ ቆማለች።

"ይዞራል፣ ይጮኻል፣ ግን አይሞቅም" አለችው። "ልክ እንደ ወንድሜ፤ ወሬ ብቻ።"

ኩዊንስታውን ከተማ ላይ ዝናብ መዝነብ ከጀመረ ዐሥራ አንድ ቀኑ ነው፤ ውጭ ልብስ ማስጣት የማይታሰብ ነው። የጆስሊን እናት ደግሞ አልጋ ላይ ከዋሉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። በቀን ሦስቴ አንሶላ ይቀየርላቸዋል።

ኔቪል የኤሌክትሪክ መፈተሻውን የሙቀት ፊውዙ ላይ ቢያስነካው ምንም ምልክት የለም። የአየር ማውጫው ቱቦ በብናኝ ታፍኖ ማሽኑ ከልክ በላይ ግሏል፤ ፊውዙ እሳት ሳይነሳ ማሞቂያውን ቆርጦታል። ቱቦውን ጠረገው። መለዋወጫ ፊውዝ ግን የጥገና ቫኑ ውስጥ አልነበረውም።

"ከሆባርት ከተማ ኀሙስ ይመጣልኛል።"

"ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው! እማማን ምን ላይ ላስተኛት?" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ፊውዙን ትቶ በሽቦ ማገናኘት ይቻላል አይደል? ለሁለት ቀን ብቻ።"

የኔቪል እጅ ባለበት ቀረ።

"ለሁለት ቀን ብቻ" ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ዚሃን በምትባል ጎረቤት ከተማ ውስጥ፣ ወይዘሮ ፔንሮዝ ለሚባሉ ብቸኛ አሮጊት እሱ ራሱ የተናገረው ቃል ነበር። ፊውዙን ዘሎ ሽቦውን አገናኘላቸው። አዲሱ ሲመጣም ሥራ በዝቶበት ነበርና ዛሬ ነገ ሲል ረሳው። በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ ነደደ፤ ሴትዮዋም አልወጡም። መርማሪዎቹ ከዚያ ሁሉ አመድ የእሳቱን መነሻ መለየት አልቻሉም። ኔቪልን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ግን የሰው ማሽን በከፈተ ቁጥር ወይዘሮ ፔንሮዝ ከኋላው ይቆማሉ። አይናገሩም፤ እጁን ብቻ ያያሉ። አሁንም ቆመዋል።

"አላገናኝም" አለ።

"ማን ያይሃል?"

"የሚያይማ አለ።"

"ጥሩ፤ አንተ ሕግህን ጠብቅ፣ እናቴ እርጥብ ላይ ትተኛ።"

ከወዲያኛው ክፍል የእናቷ የደከመ ድምፅ መጣ። "ጆስ፣ በረደኝ።"

ለሚስቱ እንኳ ያልተናገረውን የተናገረው ያኔ ነው። ጎንበስ እንዳለ፣ ለማሽኑ የሚያወራ ይመስል፣ ከዚያች ሽቦ ጀምሮ እስከ አመዱ ነገራት። ሲጨርስ ጆስሊን አንሶላዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ልጅ ነበራቸው?"

"አንድ። ስትራሃን ወደብ ላይ ጀልባ ይጠግናል።"

"ያውቃል?"

"አያውቅም።"

አይዞህ አላለችውም። እናቷ የተኙበትን ክፍል በር ስታይ ቆየችና "የኔ እናት ብትሆን" አለች፣ "ማወቅ እፈልግ ነበር። ካወቅሁ በኋላ ምን እንደማደርግህ እንጃ።"

ኔቪል ክዳኑን ገጥሞ ቫኑ ውስጥ ገባና ሚስቱ ጋ ደወለ።

"ማርዳ፣ ጆስሊን ቤት መኪናሽን ይዘሽ ነይ። አንሶላዎቹን ውሰጂና በኛ ማሽን አድርቂላት። እስከ ኀሙስ ድረስ በየቀኑ።"

"እሺ። አንተ ለምሳ ትመጣለህ?"

"ስትራሃን ደርሼ ልምጣ።"

"በዚህ ዝናብ? ማን ጠራህ?"

"ማንም አልጠራኝም" አለ። "የምናገረው ነገር አለኝ። እዚያ ላለ አንድ ሰው፣ ከዚያ ላንቺም።"

ስልኩን ዘጋ። ከጎኑ ያለው ወንበር በዕቃ ተጨናንቆ ነበር፤ ሽቦውንም፣ ቁልፎቹንም፣ የዝናብ ካፖርቱንም አንድ በአንድ አንስቶ ከኋላ ጫነ። ወንበሩን ለወይዘሮ ፔንሮዝ ባዶ ካደረገ በኋላ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ስትራሃን አቀና።