የጋሽ እንደሻው አለማወቅ

ጋሽ እንደሻው ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ፣ አመሻሽ ላይ የጎረቤታቸውን የእንግሊዝኛ አስተማሪዋን የናፊያን በር ያንኳኳሉ።

«ያ ‹ቴክ ኦፍ› የሚሉት ነገር ዛሬም አልገባኝም።»

እሷም ሻይ ቀድታ ታስረዳቸዋለች፤ ልብስ ማውለቅ ነው፣ የአውሮፕላን መነሣት ነው፣ ከሥራ እረፍት መውሰድም ነው። በማግስቱ ሁሉንም ረስተው ይመጣሉ። መርሳትም እኮ ጉብዝና ይጠይቃል!

አንድ ቀን ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ለባጃጅ ነጂው ለሳኒ ሦስቱንም ፍቺ አንድ ሳያስቀሩ ሲተነትኑለት፣ ናፊያ ከኋላቸው ደረሰች።

«ማሻአላህ ጋሼ! እንግዲህ ተመርቀዋል፤ ከዚህ በኋላ አላደክምዎትም» አለች እየሳቀች።

ያን ዕለት በሯን የሚያንኳኩበት ሰበብ አጡ። ቤታቸው ገብተው ጫማቸውን እያወለቁ «ቴክ ኦፍ» አሉ፣ ጮክ ብለው። «ትክክል» የሚላቸው አልነበረም።