ትንፋሽ ያዙ!

በሰፈራችን ፎቶ ማንሳትን የፈጠርኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ከእኔ በፊት የነበሩት ጥላ ሲለቅሙ ነው የኖሩት።

አሮጌዋ ካሜራዬ ግን አስቸጋሪ ነበረች። ቁልፏን ተጭነህ እሷ አስባበት እስክታነሳ ሰው ወልዶ ይድራል። የሚንቀሳቀስ ነገር ደግሞ አትወድም፤ ታደበዝዘዋለች። ስለዚህ ቤተሰቤን እንደ ጦር ሠራዊት አሠለጠንኩ፦ እጄን ሳነሳ ትንፋሽ መያዝ፣ «ጨረስኩ!» ስል መልቀቅ። ልጄ ይህን የተማረችው ጥርስ ሳታበቅል ነው። ውጤቱስ? አልበማችንን የገለጠ እንግዳ ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎን ይወጣል።

እየቆየሁ ግን ተራቀቅሁ። ከምሳ በኋላ ብርሃን ወደ ሚስቴ የስፌት ክፍል በመጋረጃው ሾልኮ ሲገባ ደረስኩበት። ክሩ ላይ ያርፋል፣ መቀሱን ይልሳል፣ አቧራውን ያስጨፍራል። የካውያውን እንፋሎት ሳነሳው ደመና ሆኖ ሊዘንብ ምንም አልቀረው።

«አንተ ሰውዬ፣ እንፋሎቱን ተውና ጨርቁን አንሳልኝ» ትላለች ሚስቴ።

ልጄ ሩቅ ከተማ ሥራ ስታገኝ አልበሙን ገለጥኩ። ሳቋ የለም። እሷ ስትስቅ መጀመሪያ ዓይኖቿ ይጠፋሉ፣ ትከሻዋ ይከተላል፣ ድምፁ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ያን ሁሉ ዘመን አንስቼ አንዱም ፎቶ ላይ የለም! ያኔ ነው አዲሷን ካሜራ የገዛሁት። መብረቅን ጅራቱን ይዛ የምታስቀር፣ የዝንብ ሽፋሽፍት የምትቆጥር ጉድ ናት።

ከመሄዷ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ መስኮቱ ሥር አዲሱን ካፖርት ለብሳ ቆመች። እናቷ አፏን በስፒል ሞልታ ጫፉን ታጥፍላታለች። ብርሃኑ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል። ካሜራዬን ሳነሳ ሁለቱም ደረቁ። ሚስቴ ጉንጯን እንደ ኳስ ነፋችው።

«ተንፍሱ እንጂ! ይህቺ እኮ የድሮዋ አይደለችም!»

ተነፈሱ። አነሳሁ። ደረቁ።

«ምን ላድርግ አባዬ፣ ካሜራ ሳይ ሳንባዬ ራሱ ይቆለፋል» አለች ልጄ።

«ማን አስተማራትና!» አለች እናቷ በስፒሎቹ መሃል።

ቀለድኩ፣ እንደ ዝንጀሮ ዘለልኩ፤ ካሜራዋ ዓይኔ ጋ ስትደርስ ግን ሐውልት ናቸው። ብርሃኑ ቀስ እያለ ከትከሻዋ ወርዶ እጅጌዋን ያዘ፤ ወደ ወለሉ ሊንሸራተት ነው። ነገም ይመጣል፣ ልጄን ግን አያገኛትም።

ድንገት ታላቁ ጭንቅላቴ ሠራ። እጄን አነሳሁ። ትንፋሽ ያዙ። ቁልፉን ሳልነካ ጠበቅሁ፤ ክፍሉ ውሃ ውስጥ እንዳለ ቤት ጸጥ አለ።

«ጨረስኩ!»

ሚስቴ «ኡፍፍ!» ስትል ስፒሎቹ ከአፏ ተፈናጠሩ። የልጄ ዓይኖች ጠፉ፣ ትከሻዋ ተነሳ። ድምፁ ሳይደርስ ተጫንኩ።

ፎቶው ላይ ስፒሎቹ አየር ላይ እንደ ከዋክብት ተንጠልጥለዋል፣ በመሃላቸው ልጄ ትስቃለች።

«አንተ! ምነው ደረቅህ? ተንፍስ እንጂ!» አለች ሚስቴ።

እኔ ግን በማግስቱ መኪናው ልጄን ይዞ ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ አልተነፈስኩም። ያላመነ ሚስቴን ይጠይቅ።