ያልተቀመጡት ለቅሶ

ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ አሲያ ከባሏ ከናስር ጋር በእግሯ ወደ ግራና ከተማ ሸሸች። መንገድ ላይ የከባድ መሣሪያ አረር አጠገባቸው ወደቀ። ናስር ሆዱን ተመትቶ ሞተ፤ ከማታውቃቸው ተፈናቃዮች ጋር ሆና ማሽላ ማሳ ዳር ቀበረችው።

መርሳ ሲረጋጋ ተመልሳ ሱቋን ከፈተች። ጎረቤት ሊያስተዛዝናት ሲመጣ፣ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። የሰው ልብስ ይዣለሁ" ትልና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ጠንካራ ሴት ተባለች። እሷ ግን ናስርን ስታስበው ስለ ሩቅ ሰው ወሬ የሰማች ያህል እንጂ ሌላ ነገር አይሰማትም ነበር፤ እህልም አያሰኛትም።

አንድ ቀን ከሱቋ ጎን ሻይ ቤት ያላት የሺ ስትገባ፣ የአሲያ እጅ የጋለ ካውያ ላይ አርፏል። የሺ መንጭቃ አነሳችው። ቆዳው ተልጧል።

"አላመመኝም" አለች አሲያ።

የሺ ቅባት እየቀባቻት ቆየችና፣ "ናስር እንዴት ሞተ?" አለቻት።

"ታውቂው የለ።"

"ከሰው ነው የሰማሁት። ካንቺ አልሰማሁም።"

አሲያ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደምታወራ ሁሉ ነገረቻት። "ውሃ ስጪኝ አለኝ። ምንጭ ፍለጋ ወረድኩ። ስመለስ አልፏል። ውሃውን ምን እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ይዤው ቆምኩ።"

ይህን ለማንም ተናግራው አታውቅም። የሺ አለቀሰች። አሲያ በደረቅ ዓይን አየቻት።

በማግስቱ የሺ የመንደሩ የቀብር ማኅበር፣ የቅሬው ዳኛ ሐጂ ዓሪፍ ዘንድ ሄደች።

"ሐጂ፣ ለናስር ለቅሶ አልተቀመጥንም። ጊዜው አልፏል ይሉኝ ይሆን?"

"ዱዓ ጊዜ አያልፍበትም ልጄ" አሏት።

እስላም ክርስቲያኑ አሲያ ግቢ ተሰበሰበ። ከዱዓው በኋላ ሐጂ፣ "እስኪ የሆነውን ንገሪን" አሏት። ጀመረች። ውሃው ላይ ስትደርስ ድምጿ ተቋረጠ። ማንም "ቻይው" አላላትም። ጠበቋት፤ ጨረሰችው።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት ከሰዓት የሺ ዘንድ መቀመጥ ጀመረች። አንዳንዴ ጥቂት ታወራለች፤ ብዙውን ቀን ዝም ትላለች። አንድ ጠዋት ግን፣ "መቃብሩን ማየት እፈልጋለሁ" አለች።

አብረው ሄዱ። የሺ ድንጋይ እያቀበለቻት አሲያ ዙሪያውን ካበች። ሲያልቅ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ብዙ አለቀሰች። የሺ አጠገቧ ተቀመጠች።

ስትነሳ ፊቷን በሻሿ ጠረገችና፣ "ርቦኛል" አለች።

ግራና ወርደው በሉ።