ሬሳው ጣውላ

የቅርጫት ኳስ አዳራሹን ወለል አናጢው በገዛ እጁ ካነጠፈው ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ተንበርክኮ፣ ምስማሩን በከንፈሩ ነክሶ፣ ጣውላ በጣውላ ነው የሠራው። ወለሉን ሲያሙበት የበኩር ልጁን ያሙበት ያህል ይቆረቁረዋል። እውነት ለመናገር ግን ወለሉ የሚታማበት ነገር አላጣም። ከቅርጫቱ በስተግራ፣ ጥጉ ጋ፣ ኳስ የማያነጥር አንድ ጣውላ አለ። በስሩ የሚያልፈው የውሃ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከርሞ የተሸከመውን አግዳሚ እንጨት አበስብሶታል። ከላይ ሲያዩት እንደ ወንድሞቹ ያብለጨልጫል፤ ኳስ ሲያርፍበት ግን "ጡፍ" ይልና እዚያው ይቀራል። ተጫዋቾቹ "ሬሳው" ብለው ስም አውጥተውለታል።

አናጢው ይህ ጣውላ ይጠገን ብሎ ለክለቡ ሥራ አስኪያጅ በየዓመቱ ማመልከቻ ሲያስገባ ስድስት ዓመት ሞላው። ቧንቧው ተቀየረ፤ ወለሉን ግን ማን ዞር ብሎ ይየው። "ቡድኑ ራሱ መቼ ነጥሮ ያውቃል፣ ጣውላው የሚነጥረው?" እያለ ሥራ አስኪያጁ ይስቃል። አይፈረድበትም። ተጫዋቾቹ ደሞዝ የሚከፈላቸው፣ ሥራችን ብለው የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ፤ ሆኖም ከሊጉ ግርጌ ፈቀቅ ብለው አያውቁም።

ዘንድሮ ጉድ ፈላ። ቡድኑ በመጨረሻው ሳምንት በአንድ ነጥብ ተንጠልጥሎ ስምንተኛ ሆነና ጥሎ ማለፍ ገባ። ስምንተኛ የሚገጥመው አንደኛውን ነው፤ ሰው ሁሉ አስቀድሞ አዘነላቸው። እነሱ ግን አንደኛውን ጣሉት። ቀጥሎ በግማሽ ፍጻሜ ጣራ የሚነኩ ሁለት ግዙፎች ያሉትን ቡድን በዚሁ አዳራሽ አገኙ። ሊያልቅ ስድስት ሰከንድ ሲቀር የተጋጣሚው ኳስ አቀባይ በግራ በኩል እያነጠረ ገሰገሰ፤ ሬሳው ላይ ሲደርስ ኳሷ ከእጁ ቀረች። ባዶ መዳፉን እያየ ቆመ። ጨዋታው በዚያው አለቀ፤ እነሱም አለፉ።

ያን ዕለት አናጢው ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ልብስ እየተኮሰች ሬዲዮ ትሰማለች። ጋዜጠኛው ይስቃል። "ያለፈው ቡድኑ አይደለም፤ ጣውላው ነው! ለመሆኑ ይህን ወለል የሠራው አናጢ የት ተደብቆ ይሆን?"

"ሰማህ?" አለችው።

"አልደነቆርኩም።"

"ተደበቀ እያሉህ እኮ ነው። ሰው ባልሽ ምን ይሠራል ሲለኝ ምን ልበል? ኳስ ይቀብራል ልበል?"

የቀረበለትን እራት እንደነገሩ ነካካና ተነሳ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የተንበረከከበት ሥራ በአንድ ጣውላ መሳቂያ ሆኖ አረፈ።

የፍጻሜው ጨዋታ ሦስት ጊዜ የሚካሄድ ነበር። አንዱን እነሱ አሸነፉ፣ አንዱን ተጋጣሚያቸው። ሦስተኛው በማን አዳራሽ ይሁን ሲባል ዕጣ ወጣ፤ ዕጣውም ለእነሱ ደረሰ። ጨዋታው እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። አናጢው አርብ ጠዋት አሰልጣኙን ልምምድ ላይ አገኘው።

"እሁድ ጠዋት ልጠግነው ነው" አለው።

"ምኑን?"

"ሬሳውን።"

አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። "አንተ ሰውዬ፣ ያምሃል? ስድስት ዓመት ዝም ብለህ ዛሬ?"

"ዝም አላልኩም። ማመልከቻዬ ስድስት ሆኗል።"

"ሰባተኛውን ሰኞ አስገባ፤ እኔ ራሴ እፈርምልሃለሁ። እሁድን ግን በሞቴ እለፋት። የእነሱ አቀባይ ግራኝ ነው። ገፍተን ገፍተን እዚያ ጥግ ልንቀብረው እኮ ነው!"

"ብታሸንፉስ ማን አሸነፈ ሊባል ነው?"

"ዋንጫው ላይ ጣውላ ተብሎ አይጻፍም!"

"በሬዲዮ ተብሏል።"

አሰልጣኙ ተማጸነ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ተማጸነ። አናጢው ግን የወለሉ ኃላፊ እኔ ነኝ አለና ወይ ፍንክች። በመጨረሻ አሰልጣኙ ጣቱን ቀሰረበት። "ከተሸነፍን ጥፋቱ የማን እንደሆነ አገር ያውቃል። ያን ጊዜ ዓይንህን እንዳላይ!"

እሁድ በጠዋት አናጢው አዳራሹን ከፍቶ ሥራውን ጀመረ። ሬሳውን በጥንቃቄ ነቀለው። ከስሩ ያለው እንጨት በጣት ሲነኩት እንደ ቂጣ ይፈረፈራል። በአዲስ ተካው፤ ሲያደርቀው የከረመውን ጣውላ ገጠመበት፤ ላገው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ቫርኒሽ ቀባው። ሲጨርስ ወገቡን ይዞ ቀና ቢል በሩ ላይ ሰው ቆሟል። ጉርድ ፎቶ ነው።

ጉርድ ፎቶ የቡድኑ አቀባይ ነው። በቁመቱ ከሁሉም ስለሚያንስ ገና በመጣበት ወር ያወጡለት ስም ነው፤ ይኸው አስራ አንድ ዓመት ሆነው። ጉልበቱ አልቆ ይህን ጨዋታ ተጫውቶ ሊያቆም ነው።

"ጋሼ፣ እውነት ነው እንዴ? ነካኩት?"

"ነካካሁት። ወዲያ በል፣ አልደረቀም! እንዳትረግጠው።"

"አንዴ ላንጥርበትና ልየው።"

"ቫርኒሹን ታበላሽብኛለህ አልኩ።"

ጉርድ ፎቶ ኳሱን በብብቱ ይዞ ጣውላውን ከሩቅ አየው። "ይነጥራል?"

"ይነጥራል።"

"እንደ ሌላው?"

"ከሌላው ቢሻል እንጂ አያንስም።"

"እርስዎ ካሉ ይበቃኛል" አለና ልብሱን ሊቀይር ሄደ።

አናጢው ጥጉ እስኪደርቅ ድረስ በሁለት ወንበርና በገመድ አጠረው። የተጋጣሚው ቡድን ሊያሟሙቅ ሲገባ አሰልጣኛቸው፣ ራሰ በራ ረጅም ሰውዬ፣ መጀመሪያ የሄደው ወደ ገመዱ ነበር።

"ዝነኛው ይህ ነው?"

"ነበር። ዛሬ ጠዋት ጠግኜዋለሁ" አለው አናጢው።

ሰውዬው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ከፍጻሜው በፊት ጠገንከው! እኔ ትናንት የተወለድኩ መሰልኩህ?"

"ጠግኜዋለሁ ነው የምልህ።"

"ከጠገንከውማ ለምን አጠርከው?"

"ቫርኒሹ እንዲደርቅ ነዋ!"

"እሺ አባቴ፣ ቫርኒሽ" አለና ወደ ልጆቹ ዞሮ ጮኸ። "ወደዚህ ጥግ ኳስ ይዞ የሚመጣ ቢኖር ወዮለት!"

ዳኛው ፊሽካ ሊነፋ ሲል አናጢው ገመዱን ፈታ፣ ወንበሮቹን አነሳና ከዕቃ ሳጥኑ ጋር በሩ አጠገብ ቆመ። ጨዋታው ተጀመረ። ተጋጣሚዎቹ ወደ ጥጉ ዝር አላሉም። ግራኙ አቀባያቸው በማይሆንለት በቀኝ በኩል ሲንደፋደፍ ዋለ፤ የአዳራሹ ባለቤቶች አንገት ለአንገት የተናነቁትም በዚህ ነው። እነሱም ቢሆኑ፣ ተጠግኗል ተብለው ሳለ፣ ጣውላው ጋ ሲደርሱ እግራቸው በልማዱ ይጠመዘዛል። ጥጉ ተላላፊ በሽታ እንደገባበት ቤት ጭር ብሎ ዋለ። አናጢው አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አንዴ እንኳ ቢያነጥርበት ብሎ ተመኘ። እንዲህ ሆኖ ከተሸነፉ ሥራውን ያየለት ሳይኖር ጥፋቱን የሚለጥፍበት ብቻ ይተርፋል። አሰልጣኙ በየመሃሉ ወደ በሩ እያየ ይገላምጠዋል።

አስራ አንድ ሰከንድ ቀረ። የአዳራሹ ባለቤቶች በአንድ ነጥብ እየተመሩ ነው፤ ኳሱ በጉርድ ፎቶ እጅ ነው። ቀኙ በሰው ተዘጋ፤ መሃሉም ተዘጋ። የሚጠብቀው ተከላካይ ከፊቱ ገለል ብሎ ግራውን ወለል አድርጎ ከፈተለት።

"ሂድ፣ መንገዱ ያውልህ" አለው እየሳቀ። "ሬሳው ይቀበልሃል!"

"ኧረ ወደዚያ አትሂድ!" ሲል የገዛ አሰልጣኙ ጮኸ።

ጉርድ ፎቶ ወደ ግራ ሄደ። አንዴ አነጠረ፣ ሁለቴ አነጠረ፤ ሦስተኛው ጣውላው ላይ ነበር። አናጢው በዓይኑ አላየም፤ ጆሮውን ነው ያቆመው። "ዱብ" አለ። ከጎኑ ካሉት የማይለይ፣ ሙሉ ድምፅ። ኳሷ ወደ ጉርድ ፎቶ እጅ ተመለሰች፤ በአቅራቢያው ሰው የሚባል አልነበረም፤ ተረጋግቶ ወረወረ። መግባቷን አናጢው ያወቀው ከጩኸቱ ነው። "ሬሳው ተነሳ!" እያለ ጋዜጠኛው በማይክሮፎኑ ያብዳል።

ተጫዋቾቹ ጉርድ ፎቶን ተሸክመው ሲዞሩ አሰልጣኙ ወደ አናጢው መጣ። ትከሻውን ያዝ አድርጎት ወደ ዋንጫው ሮጠ።

ራሰ በራው አሰልጣኝ ግን ብቻውን ወደ ጥጉ ሄዶ ጣውላውን በተረከዙ መታው። ደገመው። ከዚያ ቀና ብሎ አናጢውን አየው።

"የእውነትህን ኖሯል!"

"ነገርኩህ እኮ" አለ አናጢው። "አሁን በል ውረድልኝ። ጫማህ ቫርኒሹን እየቧጨረው ነው።"