የሮማ ቤት አሳላፊ

እስካለፈው ዓመት ድረስ እኔ የማውቃቸው ሮማውያን ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ብቻ ነበሩ። አባቴ ሁሉንም በጎን፣ ባለ አንድ ዓይን አድርጎ ይስላቸዋል፤ እኔ ደግሞ ልብሳቸውን እቀባለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሕጉ እንዲህ ነው፦ ደግ ሰው ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉ ሰው በጎን ስለሚሳል አንድ ዓይን ብቻ ይደርሰዋል። ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ ግድግዳውን አይቶ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ይለያል።

እጸገነት ሃይለአብ እባላለሁ። ቂርቆስ ተወልጄ ቂርቆስ ያረጀሁ ነኝ፤ ያረጀሁ ስል ሃምሳ ሁለት ነው፣ አትደንግጡ። አባቴ አለቃ ሃይለአብ ስንት ቤተ ክርስቲያን እንደሳለ እግዜር ይቁጠረው። ሠላሳ ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ። አቡጀዲውን የምወጥር እኔ፣ ቀለሙን የምበጠብጥ እኔ፣ ልብሱን፣ ፈረሱን፣ ደመናውን የምሞላ እኔ። ፊት ግን የሱ ነው። ፊት ጋ ስንደርስ «በይ ውረጂ» ይለኛል፤ እኔም ከመሰላሉ እወርዳለሁ። እንዲህ እንዳለን እሱ አረፈ፣ እኔ ግድግዳ ላይ አንድም ፊት ሳልስል ቀረሁ። ሰውም «ቀለም በጥባጯ የአለቃ ልጅ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ያንገበግበኝ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ!

አቶ ረጋሳ ካዛንቺስ ባሠራው ሕንፃ ሥር ምግብ ቤት ሊከፍት ነበር። ጣልያን አገር ለሥራ ሄዶ ሳለ የሁለት ሺህ ዓመት የሮማ ቤት አስጎብኝተውት ልቡ እዚያው ቀርቷል። ክፍሎቹ እንዳሉ፣ ከነግድግዳ ሥዕላቸው፣ ካዛንቺስ ላይ ይሠሩልኝ አለ። ዲዛይኑን የያዘችው ሩቲ የምትባል ልጅ በሰው በሰው አፈላልጋ ቤቴ ድረስ መጣች።

«እትዬ፣ ማለቴ፣ ኮንሰፕቱ በቃ ሰው ገና እግሩን ሲያስገባ ሮም የገባ እንዲመስለው ነው» አለችኝና ታብሌቷን ፊቴ ላይ ደቀነችው።

በጣቷ እየገፋች ክፍሎቹን አሳየችኝ። መጀመሪያ አዳራሹ፦ ጣሪያው መሃል ላይ ክፍት ነው፤ ዝናቡ በዚያ ወርዶ ከሥር ባለው ገንዳ ይጠራቀማል። «ሆን ብለው ነው ጣሪያቸው የሚያፈሰው?» አልኳት። እኛ ሰፈር ያው ሳይፈለግ ነው። ቀጥሎ መኝታ ቤቱ፦ ጠባብ ነው፣ አንድ መስኮት የለውም፤ ግን ግድግዳው ላይ መስኮት ሥለውበታል፣ በመስኮቱ ደግሞ ዓምዶችና የሰው ቤት ሰገነት ይታያሉ። ከዚያ የአትክልት ክፍሉ፦ አራቱም ግድግዳ ሮማን፣ ሎሚ፣ ወፍ በወፍ ነው። እብነበረድ ነው ብዬ ያየሁት ሁሉ ለካ ቀለም ኖሯል። እብነበረዱን ማስመጣት ያቃተው ሰውዬ ቀለም በጥባጭ ጠርቶ አሠርቶታል! ስለዚያ ሰው፣ ስሙን ማንም ስለማያውቀው ቀለም በጥባጭ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«እሠራዋለሁ» አልኳት። «ከነፊቱ ግን እኔው ነኝ የምሠራው። ፊት ሌላ ሰው አይነካብኝም።»

«ፊትማ የርስዎ ነው፣ እትዬ» አለች ሩቲ፣ ምን እንደሰጠችኝ ሳታውቅ።

ሦስት ወር ሠራሁ። የግድግዳቸውን ቀይ አሥራ አንድ ጊዜ በጥብጬ አሥራ ሁለተኛው ላይ አገኘሁት። እብነበረዱን በዶሮ ላባ ጫፍ ጎትቼ አወጣሁት፤ የሕንፃው መሐንዲስ በጥፍሩ ፍቆ ነው ቀለም መሆኑን ያመነ። ወፎቹን ስጨርስ ጥበቃው ጋሽ ጎይቶም ጧት በገባ ቁጥር ይቆጥራቸው ጀመር። በየቀኑ አንድ ይጎድልብኛል ይላል፣ ነገረኛ!

በመጨረሻ የምግብ ክፍሉ ደረስን። ሮማውያን ተጋድመው ነው የሚበሉት፤ በግራ ክርናቸው ተደግፈው፣ ሦስት ሦስት ሆነው። ጋሽ ጎይቶም ምስሉን በሩቲ ታብሌት ላይ አይቶ «ምነው፣ ታመው ነው?» አለኝ። በሥዕሉ ላይ እመቤቲቱ ከነእንግዶቿ ተጋድማለች፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደኛ አዙረዋል። ዳር ላይ አንዲት ሴት ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች። አሳላፊ ናት፤ መጠጥ ቀጂ። ከዚያ ሁሉ ሰው በጎን የተሳለች፣ አንድ ዓይን የተሰጣት እሷ ብቻ ናት።

«ይቺ ምን አጠፋች?» አልኳት ሩቲን።

«ምንም። ባሪያ ናት እኮ፣ እትዬ፤ ተገዝታ የመጣች።»

«ታዲያ ምን አጠፋች?»

ሩቲ ሳቀች። «በነሱ አገር በጎን መሳል ክፋት አይደለም፣ በቃ ስታይል ነው።»

ገብቶኛል፤ ደንቆሮ አይደለሁም። ግን ሥዕሉን የሚያየው የካዛንቺስ ሰው ነው። ከጧት ጀምራ የቆመችውን ሴት ከገራፊዎቹ ጋር ልቆጥራት ነው? በመጀመሪያው ፊቴ? እጄ ይቆረጣል እንጂ አላደርገውም አልኩ። የተጋደሙትን ፊት ለኋላ ትቼ ከሷ ጀመርኩ፤ ፊቷን ወደኛ አዞርኩና ሁለት ዓይን ሰጠኋት። ትልልቅ፣ ጥቁር፣ የረጋ ዓይን። ከመሰላሉ ወርጄ ሳያት ደስታዬ ሌላ ነበር፤ ማንም «ውረጂ» ሳይለኝ ነዋ የወረድኩት።

በማግስቱ ረቡዕ ጧት ብሩሽ ሳጥብ ጋሽ ጎይቶም ገባ። ግድግዳውን ሲያይ ቀጥ አለ። ባርኔጣውን አወለቀ። አማተበ። ከዚያ፣ እኔ ተዉ ሳልል፣ ሄዶ ግድግዳውን ተሳለመ።

«የቷ ቅድስት ናት?» አለኝ በሹክሹክታ።

ይህን ጊዜ ነው አቶ ረጋሳ ከሩቲ ጋር ከበሩ የደረሰው። እኩያዬ ነው፤ አሠሪዬ ስለሆነ ግን አንቱ እለዋለሁ፣ እሱ አንቺ ይለኛል። አንዴ ጎይቶምን፣ አንዴ ግድግዳውን አየ።

«እጸገነት፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አሳላፊዋ ናት።»

«ሰውዬው ተሳለማት እኮ! ሰው እያማተበ ቢራ ልሸጥለት ነው? እዚች ፊት ሥር ማን ብርጭቆ ያነሳል? ሮማ ቤት ሥሪልኝ አልኩሽ፣ ቤተ ክርስቲያን ሠራሽብኝ።»

«ሁለት ዓይን ስላላት ነው?»

«እኔ ዓይን አልቆጥርም። ምስሉ ላይ እንዳለችው በጎን አዙሪያት። ዓርብ ምሳ ሰዓት ላይ ካልዞረች ኦሎምፒያ ያሳተምኩት ሸራ ይመጣል፣ ግድግዳው ይሸፈናል። ቅዳሜ መክፈቻ ነው።»

ወጥቶ ሄደ። ሩቲ እጄን ያዘችኝ፤ «በቃ አንድ ዓይን ነው እኮ፣ እትዬ» አለችኝ። ሊያጽናናኝ የፈለገ ሁሉ ያባብሰው የለ! ገለል አደረግኳትና የቀለም ጣሳ ላይ ተቀመጥኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር። ይሸፈን፣ እንዲያውም እሳት ይብላው፣ ፊቷን ግን አላዞርም እያልኩ ቀና ብዬ አየኋት።

አየኋት፣ ደግሜ አየኋት። ያ ቅንድብ፣ ያ የረጋ ዓይን፣ ያ ጠበብ ያለ ከንፈር። ሠላሳ ዓመት ከመሰላል ሥር ሆኜ ያየሁት ነው። የኔ አይደለችም፣ የአባቴ ናት! ይኸን ሁሉ ዘመን ፊት ተነፈግኩ ብዬ ስንገበገብ ኖሬ፣ ፊት ሲሰጠኝ የሱን ገልብጬ አረፍኩት። አይ እጸገነት! ጎይቶም ምን ያድርግ፣ የአለቃን ፊት አይቶ አማተበ። ረጋሳም እውነቱን ነው፣ ይህ ፊት ለማንቆርቆሪያ አልተፈጠረም። እውነቱን መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ሐሙስ ማለዳ ነጭ ቀለም ይዤ ወጣሁ። የአባቴን ዓይን በገዛ እጄ ስሸፍን አለቀስኩ፤ አላፍርም። «ይቅር በለኝ፣ አባዬ፣ በል አሁን አንተ ውረድ» አልኩት።

ለመክፈቻው የተቀጠሩት አስተናጋጆች እዚያው አዳራሽ ውስጥ ይለማመዱ ነበር። ሂባ የምትባለውን ጠራኋት፤ ወሎ ሰፈር የምትኖር፣ ቀጠን ያለች፣ ምላሷ የማይታጠፍ ልጅ ናት። ውኃ የሞላ ማንቆርቆሪያ አስይዤ አቆምኳት። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ፎቶ ሊያነሷት ይመስል ፈገግ አለች። ብሩሼን አልነካሁም። ቀጥላ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ሰዓት ሲያልፍ ክብደቷን ወደ አንድ እግሯ ጣለች፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ቀጥ ብላም አየችኝ።

«እትዬ፣ እግሬ አለቀ እኮ! እስከ መቼ ነው?»

«እሱን ነው የምፈልገው! እንዳትነቃነቂ!»

«ኧረ አሁንስ አበዙት!» አለች፣ ዓይኗን አፍጥጣ። እኔም ያን ጊዜ ብሩሼን አነሳሁ። እጄ እንደዚያ ቀን ታዞልኝ አያውቅም። ማንም ያላስተማረኝን መስመር ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ የደከመውን የዓይን ቆብ፣ ትዕግሥቱ ሊያልቅ የደረሰውን ቅንድብ፣ ልትናገር ብላ የያዘችውን አፍ። ሁለቱም ዓይኖች የገባውን ሰው ቀጥ ብለው ያያሉ። የሂባ መልክ አይደለም፣ የአባቴም አይደለም። ስጨርስ ሂባ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ቀና ብላ አየቻት።

«ይቺ ሴትዮ ሰው አትፈራም» አለች።

«አትፈራም!» አልኳት። ብሩሼን እንደያዝኩ ወደ እንግዶቹ ፊት አለፍኩ።

ዓርብ ምሳ ሰዓት ሆነ። ሁለት ጎረምሶች የተጠቀለለ ሸራ ተሸክመው ገቡ፤ ከኋላቸው አቶ ረጋሳ። ጋሽ ጎይቶም በሩን ሊከፍትላቸው መጥቶ ግድግዳውን አየ። እጁ ወደ ባርኔጣው ሄደ፣ ግን መንገድ ላይ ቆመ። «ይቺ ደግሞ ማን አስቀይሟት ነው?» አለና ፈገግ አለ። አላማተበም።

አቶ ረጋሳ ቅርብ ሄዶ አየ፣ ራቅ ብሎ አየ። ዓይኖቿን ቆጠራቸው፤ ሁለት ናቸው። «ዓርብ አልኩሽ አይደል?» አለኝ።

«ዓርብ ነው። አላዞርኳትም፣ አላዞራትምም። መሸፈን ከፈለጉ ይሸፍኗት፤ ፊቱ ግን የኔ ነው፣ ስሜን ጽፌበታለሁ።»

ጎረምሶቹ ሸራውን ትከሻቸው ላይ እንደተሸከሙ ትእዛዝ ይጠብቃሉ። እሱ ከሥሯ ካለው ጠረጴዛ አንድ ወንበር ስቦ ግድግዳውን ከኋላው፣ እኔን ፊት ለፊት አድርጎ ተቀመጠ፤ የደንበኛ ቦታ ሊሞክር መሰለኝ። ክንዱን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ትንሽ ቆይቶ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ወደ ኋላ ዞር አለና መለስ አለ። ደግሞ ዞረ። ከዚያ ከወንበሩ ብድግ ሲል፣ ኮቱን በእጁ ሰብሰብ አድርጎ፣ ወደ ግድግዳው አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«ይቅርታ፣ ጀርባዬን ሰጠሁሽ» አላት።

ያለው ለሷ ነው። እኔማ ፊት ለፊቱ ነበርኩ። ምን እንዳለ የገባው ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ስናየው ነው፤ ፊቱ ቀላና ወደ ጎረምሶቹ ዞረ። «ምን ትገተራላችሁ? ያንን መልሱት!»

እሷ አፍ የላትም። እኔ የሳልኳት፣ እጸገነት፣ መለስኩላት።

«ጀርባ የለዎትም» አልኩት። «ይቀመጡ።»