በግራ የተቋጠረ

ጣሊያን ከወጣ ዐሥር ዓመት ያለፈው ሰሞን፣ ድሬዳዋ ሰውን በባቡር፣ ጫትን በአይሮፕላን መላክ ጀመረች። ክብሩ የማን እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል። ሰው ጅቡቲ ለመድረስ ከፍየልና ከጓዝ ጋር እየተጋፋ አቧራ ሲቅም ይውላል፤ ጫት ግን በማለዳ በሙዝ ቅጠል ተጀቡኖ ይሳፈርና ጠል እንዳዘለ ከባሕሩ ዳርቻ ይወርዳል።

ከሚጀቡኑት ሴቶች አንዷ ፋዱማ ነበረች። መጋላ ሰፈር ባለው የሐጂ ዓብዱልአዚዝ መጋዘን ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከአወዳይ የገባውን ትመርጣለች፣ ትጠቀልላለች፣ በልጥ ታስራለች። ሌሎቹ ልጡን ወደ ቀኝ ጠምዝዘው ይቋጥራሉ። እሷ ወደ ግራ ጠምዝዛ ጫፉን ቅጠሉ ሥር ትሸሽገዋለች። ሐጂው ይህን አስተውለው አያውቁም፤ የነጋዴ ዓይን ሚዛኑ ላይ ነው።

ቋጠሮው ለአንድ ሰው ነበር። ሲያድ ይባላል፤ የባቡር ጣቢያ ተሸካሚ ነበር፣ ለጥሎሹ ሊሠራ ጅቡቲ ወደብ ወረደ። እናቷ ማርያን «ትከሻ እንጂ ቤት የሌለው» እያለች ስለምታጥላላው፣ ነገሩን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ፊደል አልቆጠሩም። በሰው አፍ መላክ ደግሞ አይታሰብም፤ ከድሬ የተላከ ምስጢር አይሻ ጣቢያ ሳይደርስ ባቡሩ በሙሉ ይቀባበለዋል። ስለዚህ ሲለያዩ ተማማሉ፦ በግራ የተቋጠረ እስር ጅቡቲ ገበያ እስከታየ ድረስ ፋዱማ አለች፣ አልተዳረችም። የጠፋ እንደሆነ ሲያድ ሥራውን ጥሎ ይመጣል።

እና ፋዱማ አይሮፕላኑ ሲነሣ በሰማች ቁጥር እጇ ላፍታ ይቆማል። አሁን እሷ የቋጠረችውን እዚያ ማዶ የእሱ ጣት ይፈታዋል። ሌላዋ ሴት ባሏ ከሥራ ሲመለስ እጁን ትነካለች፤ የእሷ ድርሻ ልጡ ነበር፣ እሱንም እሷ በዚህ ጫፍ፣ እሱ በዚያ ጫፍ።

በዚህ መሐል የሐጂው የወንድም ልጅ ተማም ከቤሩት ተምሮ መጣ። ክራባትና በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚቆም ሰዓት ይዟል። ሴቶቹን በመደዳ አስቀመጣቸው፤ ገሚሶቹ ይመርጣሉ፣ ገሚሶቹ ይጠቀልላሉ፣ ገሚሶቹ ያስራሉ። አንዷ ብትቀር ሥራው እንዳይቆም፣ ማንም የማንንም ሥራ መሥራት አለበት አለ። ወሬውም አብሮ ተከፋፈለ፤ የጀመረችው እዚህ፣ የምትጨርሰው እዚያ ማዶ ሆነች። ሥራው ግን ተፋጠነ፣ ይህን መካድ ነውር ነው። አይሮፕላኑ ሞተሩን አስነሥቶ ጫት መጠበቁ ቀረ። ፋዱማ እንደ ዕድል ሆኖ ከአሳሪዎቹ ጋር ተመደበች፤ ግራዋን ቀጠለች።

ከዚያ ዋሪስ መጣ። ግመል ነጋዴ ነው፣ ሁለት ሚስት አለው፣ ለሦስተኛዋም ቦታ አላጣም። ማርያን ደስ አላት፤ ኒካው ከረመዳን በፊት ይሁን ተባለ። ፋዱማ አልተከራከረችም። በማግሥቱ መጋዘን ገብታ ልጡን ወደ ቀኝ ጠመዘዘች። እጇ እምቢ አላት፤ እንደ ጀማሪ አሥራ ፈታች፣ ፈታ አሠረች። ያን ቀን አይሮፕላኑ አንዲት ግራ ሳይዝ ሄደ። እሷም ዓይኗን ከጣቢያው መንገድ ላይ ተከለች።

ሲያድ አልመጣም። የመጣው ቴሌግራም ነበር፣ ከጅቡቲው ተረካቢ፦ በግራ የተቋጠረው የት ገባ? ሰው እየጠየቀ ነው።

ማን እንደጠየቀ ያወቀችው ፋዱማ ብቻ ናት። ከመምጣቱ በፊት ሊያረጋግጥ ገበያውን ሲያምስ ታያት፤ ከየሻጩ ፊት ቆሞ ግራ ግራ ሲል፣ ሌላው ቃሚም አንድ ነገር ቢኖረው ነው ብሎ አብሮት ሲጠይቅ።

ተማም ግን ነገሩን ከቤሩት በኩል ነው ያየው። ገበያ ተናገረ፣ እኛ መስማት ነው አለ። እንዲህ የሚያስረው ማነው ብሎ ጠይቆ ፋዱማን ሲያሳዩት፣ ሁሉንም አሳሪዎች እንድታስተምር አዘዘ፤ ከእንግዲህ የቤቱ መለያ በግራ መቋጠር ነው። ቅጠሉን ይጎዳል ብትለው አልሰማትም። ጊዜ ይፈጃል ብትለው ሰዓቱን አውጥቶ ለካና፣ የሚፈጀውን እንፍጀው አለ። ሐጂውም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ከሚዛኑ አንሥተው ቋጠሮውን አዩት፣ ወደዱትም።

በሳምንቱ አይሮፕላኑ ሙሉ «አለሁ፣ እጠብቃለሁ» ጭኖ ተነሣ። አሁን ፋዱማ ብትዳርም አለች፣ ብትሞትም ትጠብቃለች። መናገር ያቃተው ሰው ሞልቷል፤ ዝም ማለት ያቃታት እሷ ብቻ ነበረች።

ወደ ተማም ክፍል ሄዳ ልሂድ አለችው። ድሬ አንቱታ አታውቅም፤ ክራባቱም አላስከበረውም።

«አንቺ ከሄድሽ መስመሩ ይቆማል» አላት።

«አቦ ተማም፣ አንተ አይደለህ ማንም የማንንም ሥራ መሥራት አለበት ያልከው? ይኸው ሁሉም በግራ ያስራል። የእኔ እጅ የቱ እንደሆነ እኔም አላውቀውም።»

ተማም አሰበ። መማር ክፉ ነው፣ ሰውን በገዛ ቃሉ ያስረዋል።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ጅቡቲ። ያንን የጠየቀውን ደንበኛ ላየው።»

ፊቱ በራ። አጎቱን ለወራት የለመነው ይህንኑ ነበር፤ ሰው ልከን የገዢውን ፍላጎት እንጠይቅ ሲላቸው፣ ገዢ ከገዛ ሌላ ምን ይጠየቃል እያሉ አሳፍረውት ነበር። ብድግ ብሎ እጇን ጨበጣት። «በደንብ ጠይቂው» አላት። «ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደጎደለው። አታሳጥሪ።»

«አላሳጥርም» አለች ፋዱማ።

ማርያን ሱቅ ስትውል ልጇ ባቡር ላይ ነበረች። ሁለት ባለፍየሎች መሐል ተቀመጠች። ከተማው ከኋላ ቀረ፤ ሜዳው ነጭ፣ ፀሐዩ ነጭ። ምን ብላ እንደምትጀምርለት ታወጣለች ታወርዳለች። ባቡሩ ግን አይቸኩልም፣ በየጣቢያው ውሃ እየጠጣ ያዘግማል። የዛሬ ጠዋት እስሮች ቀድመዋት ገብተዋል፤ ሲያድ አንዱን አንሥቶ፣ ግራነቱን አይቶ ልቡ ረግቷል። ዛሬ ወደ ጣቢያው ዘወር የሚልበት ምንም ምክንያት የለውም።